የጎደለው አራት ሜትር

ወገን፣ የዛሬዋ ቅዳሜ ጠቅላላ ወጪ፦ አርባ ሜትር ዳንቴልና አንዲት መምህርት።

ሳቁ። ግን እስከ መጨረሻው አንብቡ።

ሆሳዕና ገበያ ውስጥ እኔን የሚሸውድ አልተወለደም ብዬ እዚሁ ገጽ ላይ ስንቴ ፎክሬያለሁ? ስክሪንሾት ያላችሁ አጥፉት!

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ቅዳሜ ነው። መምህርት አስቴር ሱቄ መጣች። ሞርሲቶ ከተማ ሂሳብ ታስተምራለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተሰቦቿን ለማየት ሆሳዕና ትመጣለች። እኔ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ሸሚዝ እተኩሳለሁ። (የገባው ገብቶታል።)

ለወላጆች ቀን የክብር እንግዶችን ጠረጴዛ የሚያለብስ ጨርቅ ይዛለች። ርዝመቱ አምስት፣ ወርዱ ሁለት ሜትር።

«ዙሪያውን ዳንቴል ላስደርግበት ነው። ስንት ሜትር ይበቃኛል?»

ካልኩሌተር አልነካሁም! «አምስት በሁለት፣ አስር!»

ምን ላድርግ፣ ቀኑን ሙሉ የፕላስቲክ ምንጣፍ በካሬ የምሸጥ ሰው ነኝ። ምላሴ ማባዛት ለምዷል።

አየችኝ። ጨርቋን አየች። «እሺ፣ አንተ ካልክ» ብላ አስር ሜትሯን ከፍላ ሄደች።

ዛሬ ተመለሰች።

«አራት ሜትር ጎደለኝ።»

በረንዳው ላይ ምንጣፍ ዘርግተን ጨርቁን አነጠፍንበት። «ያዝ» ብላ የሜትሩን ጫፍ ሰጠችኝና አብረን ዞርነው። አምስት። ሁለት። አምስት። ሁለት።

አስራ አራት!

የመጨረሻው ማዕዘን ላይ ትከሻችን ተነካካ። ምነው ይሄ ጨርቅ ስድስት ማዕዘን በኖረው አልኩ በሆዴ።

እዚህ ላይ ዝም ብል ምን ነበረበት?

ግን አፍሬያለሁ። ነጋዴ ሲያፍር ቸር ይሆናል። አራቱን ሜትር ከቆረጥኩ በኋላ ከጥቅሉ የተረፈውን ሠላሳ ስድስት ሜትርም በነጻ አሸከምኳት።

«ይሄ ሁሉ ምን ይሠራልኛል?»

«ውሰጂው! ሁለተኛ ለዳንቴል ብለሽ እንዳትመላለሺ!»

ፈገግታዋ ጠፋ። «እንዳልመጣ ነው?»

«በፍጹም አትደክሚም!» አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ።

አመስግና ሄደች።

በረንዳዬ ላይ የሚሰፉት እትዬ ወይንሸት የስፌት መኪናቸውን አቆሙ። ሌላ ጊዜ የሚሰድቡኝ በሀዲይኛ ነው፤ ዛሬ ግን ገበያተኛው ሁሉ እንዲሰማ በአማርኛ አደረጉት።

«አንተ ጅል! የሂሳብ አስተማሪ የጠረጴዛ ዙሪያ ጠፍቷት ነው አስር ሜትር ይዛ የሄደችው? ልትመለስ ብላ እኮ ነው!»

ሮጥኩ።

የሞርሲቶው ሚኒባስ ሞልቶ እየወጣ ነበር። በመስኮቱ በኩል ዳንቴሉን አቅፋ አየኋት። ወይም ያየሁ መሰለኝ።

ለማንኛውም ትምህርቱን ልስጣችሁ። ካሬ ሲሉህ አባዛ፣ ዙሪያ ሲሉህ ደምር። «አራት ሜትር ጎደለኝ» ብላ ከመጣች ግን፣ ወንድሜ፣ ሦስት ብቻ ቁረጥ!

ሞርሲቶ ውስጥ ምንጣፍ የሚፈልግ ሰው ታውቃላችሁ? ማድረሻ በነጻ።

ቀሪ፦ ዳንቴል፣ ዜሮ ሜትር። ለሚመጣው ቅዳሜ የተተኮሰ ሸሚዝ፣ አንድ።