ሰው የማይበዛበት ደሴት

«እኔ የምሄደው ሰው ሲቀንስ ነው» የሚል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኛ መሥሪያ ቤት አንድ አሉ፤ ጋሽ በየነ ይባላሉ። በበጋ የባሮ ወንዝ ሲጎድል መሃሉ ላይ የአሸዋ ደሴት ብቅ ይላል፤ የጋምቤላ ሰውም እሑድ እሑድ እዚያ ይዋኛል፣ ዓሣ ይጠብሳል። ጋሽ በየነ ግን ግርግሩ እስኪያልፍ በጋውን ሙሉ ቤታቸው ተቀምጠው ጠበቁ።

ደጋው ላይ ዝናብ ሲጀምር «ጊዜው አሁን ነው» ብለው ይዘውኝ ወጡ። ጀልባ ቀዛፊው ኦሞድ እያሻገረን፣ «ቶሎ ተዝናኑ፤ ደሴቱ ሊሄድ ነው» አለን።

«ወዴት?» አሉ ጋሽ በየነ።

«ወደ ሱዳን። ውሃው ይወስደዋል።»

ስንደርስ ደሴቱ ከአንድ ድንኳን ወለል ብዙም አይበልጥም ነበር። ኦሞድ አውርዶን ተመለሰ። ጋሽ በየነ ወንበራቸውን ዘርግተው ተቀመጡና «ጸጥታ ማለት ይኸ ነው» አሉ። ጥቂት ቆይተው ይህንኑ ደግመው ነገሩኝ። ከዚያ የሚያማርሩበት ሰው አጡ። ለካስ የሚሸሹት ሰው ከሌለ መሸሹም ይሰለቻል?

ኦሞድ ሊወስደን ሲመጣ እናቱን፣ እህቶቹንና ጎረቤቶቹን ጭኖ ነበር፤ ደሴቱን ሊሰናበቱ ነው የመጡት።

«ይቅርታ፣ ሰው በዛ» አለ።

ጋሽ በየነ ሱሪያቸውን ሰብስበው ውሃው ውስጥ ገቡና ጀልባዋን ጎተቱ፤ ወንበራቸውንም ለኦሞድ እናት ለቀቁ። ዓሣ ተጠበሰ። ቦታው ስለጠበበ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈን በላን። ጋሽ በየነን እንደዚያን ቀን ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም።

ስንመለስ ጀልባ ሙሉውን ሰው እያዩ፣ «ነገም አብረን እንምጣ» አሉ፤ «ሰው ሳይበዛ።»