የእትዬ እንዳለች ወገብ

"ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ወገብ አያያዝ የሚያውቅ ሰው ካለ እኔ ነኝ!" ይላሉ እትዬ እንዳለች፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ከማይለቋት ወንበራቸው ሆነው። እውነታቸውን ነው። ሌላው ሰው ወገቡን ይዞ ታክሲ ይጋፋል፣ ገበያ ይዞራል። እሳቸው ግን ለእንግዳ ብቻ እንደሚወጣ ብርጭቆ ቡፌ ውስጥ ቆልፈውበታል።

ነገሩ የጀመረው ከዓመታት በፊት ባልዲ ሲያነሱ ቀጭ ያላቸው ጊዜ ነው። ሕመሙ የምር ነበር፤ በዚህ ማንም አይስቅም። ሐኪሙ ግን የራጅ ፎቶውን አይቶ፣ "የተሰበረ ነገር የለም። ማመሙ ላይቀር ይችላል፤ ቢሆንም ይንቀሳቀሱ፣ ጎንበስ ቀና ይበሉ" ቢላቸው ተቀየሙት።

"ልጅ ነው። ገና ወገብ አላወጣም" ብለው ቀጠሮውን ሰረዙ።

ከዚያ ወዲህ ቤቱ በመመሪያ ይተዳደራል። ጎንበስ ማለት በጥብቅ ክልክል ነው። የወደቀ ዕቃ ሁሉ፣ ልጃቸው ፋዮ ከሥራ እስክትመለስ ድረስ፣ የወደቀበት ቦታ ቋሚ አድራሻው ይሆናል። ማስነጠስ ሲመጣባቸው ባለቤታቸው አቶ ዱጉማ ከኋላ ደግፈው ይቆማሉ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ እትዬ እንዳለች ግን እንቁላሉም ባይቸኩል ይሻለዋል ባይ ናቸው።

እንዲህ በሰላም ሲኖሩ የጠመንጃ ያዥ ሰፈሩ ልጅ እንድርያስ ፋዮን ለማግባት ሽማግሌ ሊልክ ሆነ። ወዲያው አዲስ መመሪያ ወጣ።

"ስለ ወገቤ ትንፍሽ የሚል የለም! 'በዘር ነው' ብለው ልጄን ቢተዉብኝስ?"

"እሺ። ሲገቡ ግን ትነሻለሽ አይደል እማዬ?" አለች ፋዮ።

"እንደ ሁኔታው።"

"የምን ሁኔታ? ሽማግሌ እኮ ናቸው!"

"ሁኔታው ይጠናል አልኩሽ!"

ሽማግሌዎቹ መጡ። ከፊት ከዘራ የያዙት አቶ ገረሱ ናቸው፤ በደረጃው ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ ገቡ። አቶ ዱጉማ ብድግ አሉ። እትዬ እንዳለችም ለመነሳት አሰቡ። ሐሳቡን ለወገባቸው አቀረቡ፤ ወገባቸው መልስ ሳይሰጥ ፍርሃታቸው ውድቅ አደረገው። እንደተቀመጡ ፈገግ አሉ።

አቶ ገረሱ ጠበቁ። ከዘራቸውን አንዴ መሬት መቱ።

"ገብቶናል። እናት ካልተነሳች አልሰጥም ማለቷ ነው። እንሂድ።"

አቶ ዱጉማ ሊያስረዱ አፋቸውን ከፈቱ፤ መመሪያው ትዝ ሲላቸው መልሰው ገጠሙት። ሽማግሌዎቹ ወጡ።

"እማዬ!" የሚል ድምፅ ከጓዳ መጣ፤ ከዚያ ለቅሶ ብቻ።

ይኸኛው ሁኔታ አልተጠናም። እትዬ እንዳለች ከወንበራቸው ተፈናጠሩ። ነጠላቸው ወደቀ፤ እጥፍ ብለው አፈፍ አደረጉት። ደረጃውን እንደ ኮረዳ ወረዱት፤ ሽማግሌዎቹን መንገድ ላይ ቀደሟቸውና ታች በሩ ላይ ተገትረው ጠበቁ። አቶ ገረሱ ከዘራቸውን እየመረኮዙ ብቅ ሲሉ እትዬ እንዳለች ጉልበታቸው ላይ ተደፉ።

"ይማሩኝ አባቴ! ንቄ አይደለም፤ ወገቤን ታምሜ ነው። ጎንበስ ማለት አልችልም!" አሉ፣ ግንባራቸው የሽማግሌውን ጫማ ሊነካ ጥቂት ሲቀረው።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንደኛው ሳል የመሰለ ሳቅ አመለጠው። እትዬ እንዳለች ያኔ ያሉበትን አዩ። ቀስ ብለው ቀና አሉ። ወገባቸው አመማቸው፤ እንደ ትናንቱ፣ ከትናንቱ ሳይብስ። ነጠላቸውን አስተካከሉና ክብራቸውን ሰበሰቡ።

"አያችሁ? ይህን ሁሉ ዓመት ያሳረፍኩት ለዚህች ቀን ነበር! ወገብ አያያዝ ሰው ከእኔ ይማር።"

አቶ ገረሱ ደረጃውን ቀና ብለው አዩና ተነፈሱ።

"እኔም ወገቤን ያመኛል ልጄ። እንዳንቺ ወንበር ላይ ባስቀምጠው ኖሮ ልጅሽን ማን ሊጠይቅ ይመጣ ነበር? ይልቅ ወሬውን ተዪና ደግፊኝ፤ ያን ሁሉ ፎቅ ዳግመኛ ልታስወጪኝ ነው።"