የመብራት ሰው ጫማ

በእኛ በብቸና፣ ቤት የገባን እንግዳ እህል ሳይቀምስ «ማን ነህ? ከየት መጣህ?» ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። በደርግ ጊዜ ደግሞ ነውርነቱ ቀርቶ አደጋ ሆነ። ዘው ብሎ የገባው ሰው ከቀበሌ ይሁን ከወረዳ፣ ቆጣሪ ይሁን ተቆጣጣሪ ሳታውቅ «ማን ነህ?» ካልከው፣ «አንተስ ማን ነህ?» ይልሃል፤ ይህቺን ጥያቄ ደግሞ ቤትህ ቁጭ ብለህ አትመልሳትም። ስለዚህ እንነሳለን፣ እናስቀምጣለን፣ «እንዴት ሰነበቱ» እንላለን። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ሌቦችም የአገር ልጆች ናቸውና ይህን አመላችንን ያውቁታል።

እኔን ደምሌን ሰፈርተኛው «ከወሬው ግማሹን ቀንሱለት» እያለ ያማኛል። እናንተም ቀንሱ፤ የትኛውን ግማሽ እንደምትቀንሱ ግን አልነግራችሁም።

ያን ሰሞን ልጄን የሺን ልንድር ሽር ጉድ ላይ ነን። ባለቤቴ አልጋነሽ ጣቷ እስኪላጥ ፈትላ ያሠራችው የሙሽራ ቀሚስ፣ ከእናቷ የወረደ የብር መስቀልና አልቦ፣ ሁሉም ጓዳ ባለች አንዲት የእንጨት ሳጥን ተቆልፎበታል። ያለን እሱ ነው። ሳጥኗ ባዶ ብትሆን ሠርጉ ይቀራል፤ ሠርጉ ቢቀር እኔ አልተርፍም። አልጋነሽን አታውቋትም።

የገበያ ቀን ነበር፤ ሰፈሩ ጭር ብሏል። እኔ ብቻ ቀርቻለሁ፤ ለሠርጉ ጣራ ልከድን ወጥቼ ከነሣሩ ስለወረድኩ ቁርጭምጭሚቴ አብጦ የደጀን ዱባ አክሏል። መቆም እንኳ አልችልም። መደቡ ላይ ጋቢዬን ተከናንቤ፣ እግሬን ደብቄ፣ እንደ ደጃዝማች ተቀምጫለሁ። ሰውየው የገባው ያኔ ነው።

ካኪ ለብሷል፤ ትከሻው ላይ ቦርሳ፣ እጁ ላይ ፒንሳ ይዟል። ጫማው ደግሞ ፊትህን የምታይበት ነው። «ከመብራት ነው የመጣሁት» አለ። መብራት ማለት እንግዲህ በዚያን ጊዜ ዋናው መንገድ ዳር ያሉ ሰዎች ሲመሽ በሞተር የሚያዩት ነገር ነው፤ ወደኛ ሰፈር አንድ ምሰሶ እንኳ አልደረሰም። ይህንኑ ስነግረው «እሱን ብለን ነው የመጣነው፤ አምፖል የሚሰቀልበትን ቦታ ልለካ ነው» አለኝ። ደግ። ለሠርግ መብራት ማን ይጠላል? ቀጠለና «ብቻዎን ነዎት?» አለኝ። እቺኛዋ አልጣመችኝም።

የመታወቂያ ወረቀት አውጥቶ ሰጠኝ። መሠረተ ትምህርት መጥቶ ፊደል ሳያስቆጥረኝ በፊት ነው፤ ማኅተሙን አየሁት፤ ክብ ነው። ክብ ነገር ከየትም ቢይዙት ቀጥ ያለ ነው። ጽሑፉ ግን ተዘቅዝቆ ኖሯል መሰል፣ ሰውየው አየኝና ፈገግ አለ። ከዚያ ወዲያ እኔን እንደ ምሰሶ ቆጥሮኝ ጓዳ ገባ።

«አምፖሉ የሚሰቀለው እዚህ ላይ ነው። ሳጥኗን ፈቀቅ ማድረግ ሊኖርብኝ ነው» የሚል ድምፅ ሰማሁ። አንገቴን ሳሰግግ ሳጥኗን አቅፎ ክብደቷን ይሞክራል።

እንግዲህ ፍረዱኝ። ሌባ ነው ብዬ ብጮህና የመንግሥት ሰው ቢሆን፣ «አድኃሪው ደምሌ የልማት ሠራተኛ አባረረ» ተብዬ ቀበሌ ላድር ነው። የመንግሥት ሰው ነው ብዬ ዝም ብልና ሌባ ቢሆን፣ የሺ ያለ ቀሚስ ልትዳር ነው። ልሩጥበት ብል እግር የለኝም። ታዲያ ለሁለቱም የሚሆን ነገር ከየት ይመጣል? ከአባቶቻችን መጣ።

«ጓድ» አልኩት ከመደቤ ሳልነሳ፣ «እግርዎን ሳይታጠቡማ አይሆንም።»

«ምን?»

«እግር። መንገደኛ ነዎት።»

«ቸኩያለሁ አባባ፣ ብዙ ቤት ይጠብቀኛል።»

«ይጠብቅዎት። የመንግሥት ሰው ከነአቧራው ከደምሌ ቤት ወጣ ተብሎ ነገ በስብሰባ ቢነሳብኝስ? ወይስ የሰፊውን ሕዝብ ውሃ ናቁት?»

ሰፊውን ሕዝብ ንቄዋለሁ የሚል የመንግሥት ሰው የለም። ሳጥኗን አስቀመጠና መጥቶ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። እኔም በመቀመጫዬ ከመደቡ ተንሸራትቼ፣ የእግር መታጠቢያውን ገበታ ስቤ፣ ከእንስራው ውሃ ቀዳሁ። ጫማዎቹን አወለቅኩለትና ጋቢዬ ሥር ከትቼ፣ ዶሮ እንቁላሏን እንደምትታቀፍ ታቀፍኳቸው።

አጠብኩት። ጣት በጣት፣ ጥፍር በጥፍር አጠብኩት። የነፍስ አባቴን እግር እንኳ እንዲያ አላጠብኩም። እግሩ የሕፃን ጉንጭ ነው፤ እሾህ የሚባል ነገር በሩቁ እንኳ አላየም። የእኔ ግቢ ደግሞ ያን ቀን፣ ለሠርጉ አጥር ላድስ ብዬ ያስቆረጥኩት የቀጋ እሾህ ከደጃፍ እስከ አጥር ተነጥፎበታል። ከብቸና እስከ ዓባይ ድልድይ ያለ እሾህ ሁሉ እኔ ጋ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም።

«ጫማዬስ?» አለ።

«እግርዎ ይድረቅ።»

«ደርቋል እኮ።»

«እንግዲያው እንደገና ይታጠብ።»

እንደገና አጠብኩት። ወሬም ጀመርኩለት፤ የጥኖራ ገበያ ላይ ስለሸጥኳት በቅሎ፣ ከበቅሎዋ በፊት ስለነበረችው እናቷ፣ ከእናቷም በፊት ስለነበረችው። የሌባን ላብ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከፊት ሳይሆን ከጆሮ ሥር ነው የሚጀምረው። ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይላሉ፤ እኛ ቁርበቱን አነጠፍንለት፣ መነሳቱ ነው የቸገረው።

በመጨረሻ የገበያተኞች ድምፅ መጣ። አልጋነሽን በሳቋ አወቅኋት።

«አልጋነሽ» ብዬ ተጣራሁ፣ «ከመብራት እንግዳ መጥቶልናል። ምሳ አቅርቢ። አብዮት ጠባቂውንም ጥሩት፤ የመንግሥት ሰው ከመንግሥት ሰው ጋር ይብላ።»

እውነተኛ የመብራት ሰው ቢሆን እኮ ደስ ይለው ነበር። ይኼኛው ግን ቦርሳውን አንጠልጥሎ በባዶ እግሩ ወደ ደጅ ተፈተለከ። ሁለት እርምጃ የሄደ ይመስለኛል። ከዚያ ያሰማው ድምፅ ደብረ ኤልያስ ድረስ ተሰምቷል ይላሉ፤ ይላሉ ያልኩት እኔ ነኝ።

አብዮት ጠባቂው ሲደርስ ሰውየው ግቢው መሐል ተቀምጦ ሁለቱንም እግሩን ሰማይ ሰቅሏል። አልጋነሽ ወረንጦ ይዛ እሾሁን ትነቅልለታለች፣ አብዮት ጠባቂው ከኋላ እጁን ያስርለታል።

«ምን ታደርጊለታለሽ አንቺ?» አላት።

«ከቤቴ የወጣ እንግዳ እያነከሰ አይሄድም» አለችው።

ቦርሳው ሲከፈት የሽቦ ዘር አልተገኘበትም። የሴት ነጠላና የብር አምባር ነው ያለው። ኋላ እንደሰማነው ሞጣ ላይ ሁለት ቤት ለክቶ ነበር፤ ባለቤቶቹ ከመብራቱም ከዕቃውም ሳይሆኑ ቀርተዋል። ዕቃቸው ተመለሰላቸው። ሰውየውን ወሰዱት፤ እግሩ ስላበጠ ጫማው አልገባው አለና እኔው ጋ ቀረ። የሺ በቀሚሷ ተዳረች። እኔም በጫማው ዳርኳት፤ ጠቦኝ ስጨፍር ያነባሁትን እንባ ሰው ሁሉ የአባት እንባ መሰለው።

ታዲያ ከዚያ ወዲህ ሰፈራችን አመል አወጣ። የማናውቀው ሰው ከመጣ እግሩን እናጥበዋለን። ኋላ እውነተኞቹ የመብራት ሰዎች ሲመጡ ከቤት ቤት እየታጠቡ ነው የዞሩት፤ የመጨረሻው ቤት ሲደርሱ ተረከዛቸው ነጭ ሆኖ ነበር። አለቃቸው «ጎጃምን ዞሬ እንዲህ ሰው የሚያከብር ሕዝብ አላየሁም» ብሎ ከሁሉ ሰፈር አስቀድሞ ለእኛ ምሰሶ አስተከለ። ጥርጣሬያችንን አክብሮት ብሎ ወሰደው፤ እኛም አላረምነውም።

ሠራተኛው ወደኔ ቤትም መጣ። እግሩን አጠብኩት። ጣራውን አየ፣ ግድግዳውን አየ፣ ጓዳ ገባና «አምፖሉ መሰቀል ያለበት እዚህ ላይ ነው። ሳጥኗን ፈቀቅ አድርጉልኝ» አለ።

አልጋነሽ አየችኝ። እኔም አየኋት።

«ያ ሰውዬ ለካ ሙያውን ያውቀው ነበር» አለችኝ በሹክሹክታ፤ ቀጥላም «የዚህኛውስ ጫማ?»

«ተቀምጬበታለሁ» አልኳት።