ስፒሪዶን እስከ ሐይቁ ሮጠው ስለ ተመለሱበት ዕለት

ብርድንም እሳትንም በፈጠረ በእግዚአብሔር ስም፤ አበው ቀንዶቹ ሲሰበሩ ብርዱ ያልፋል የሚሉለት የብርድ በሬ በሰሜን ምድራችን በነገሠ በሦስተኛው ወር፣ ሁለቱም ቀንዶቹ ገና ሳይሰበሩ፣ በወርኃ ጥር፣ መስኮት ላይ የተሰቀለው ቴርሞሜትር ከዜሮ በታች ሃምሳ ሁለት ደርሶ ከዚያ ወዲያ መውረድ በሰለቸው ማለዳ፣ ክቡር ወልዑል ስፒሪዶን፣ በዓለ ስድስቱ አፍራስ፣ የመንደሩ ማሞቂያ ጣቢያ የቀድሞ እሳት አንዳጅ፣ መዋዔ ድርቆሽ፣ በሰባ አንድ ዓመታቸው ለሩጫ ተነሡ።

የዘመቻውም ምክንያት እንዲህ ነው። ባለፈው መከር ስፒሪዶን ድርቆሽ ሲከምሩ ራሳቸውን አዞራቸውና ክምሩ ላይ ተቀመጡ፤ ይህንንም ጎረቤታቸው አኩሊና፣ ድምጿ ከቤተ ክርስቲያን ደወል ርቆ የሚሰማው፣ አይታ ኖሮ፣ በዚህ ወር ከተማ ለምትኖረው ልጃቸው ለአይታሊና ነገረች። አይታሊናም ባሏን ቫዲምን አስከትላ በሚኒባስ ገሥግሣ መጣች፤ ፈረሶቹን ሸጣ አባቷን በስድስተኛ ፎቅ ላይ ወዳለው ቤቷ ልትወስድም ቈረጠች። በእራትም ጊዜ፣ በብርድ የጠጠረው ጥሬ ዓሣ በቢላ እየተላጠ ሳለ፣ ይህን አዋጅ አስነገረች፦

«አባዬ፣ አንድ ቀን ብቻህን ወድቀህ ብትገኝስ? ፈረስ አምቡላንስ አይጠራልህም። በቃ፣ ትሄዳለህ።»

ስፒሪዶንም ዓሣቸውን በጨው ነክረው፣ አኝከው፣ ውጠው ሲያበቁ አዋጁን በአዋጅ መለሱ፦

«ነገ ከማሞቂያ ጣቢያው እስከ ሐይቁ ሮጬ እመለሳለሁ። መኪናችሁ ከኋላዬ ትከተል። አንድ እግሬን እንኳ ውስጧ ካስገባሁ ሳታወርዱኝ ከተማችሁ ድረስ ንዱኝ። ካላስገባሁ ግን ቤቴም ቤቴ፣ ፈረሶቼም ፈረሶቼ ናቸው።»

በዚያ አገር በብርድ የሚሮጥ ሰው ወይ ተኩላ አባሮታል ወይ አብዷል ይባላልና መንደሩ ሁሉ ሳቀ። አኩሊናም የስፒሪዶን አፍንጫ በብርድ ከረገፈ ጎንበስ ብላ እንደማታነሣለት በአደባባይ አሳወቀች።

ሲነጋ ስፒሪዶን እንደ አያቶቻቸው ልማድ የምድጃውን እሳት ከቂጣና ከቅቤ ቈርሰው አበሉ፤ ዞረውም በሥዕለ ማርያም ፊት አማተቡ፤ ሁለቱም ቅር እንዳይላቸው። ከአጋዘን እግር ቆዳ የተሰፋውን ጫማ ተጫሙ፤ ጉንጫቸውን የፈረስ ስብ ተቀቡ፤ ወጡም። የሠራዊቱም አሰላለፍ እንዲህ ነበረ፤ ፊታውራሪው ጭራው የተቈረጠው ውሻቸው፤ መካከሉ እሳቸው ራሳቸው፤ ደጀኑ ሚኒባሷ፣ በውስጧም መሪ የጨበጠ ቫዲም፣ ሻይ የያዘች አይታሊና፣ በሁለት ካፖርት የተጠቀለለች ምስክር አኩሊና።

ፊታውራሪው ሦስተኛው ቤት ሲደርስ አንድ መዳፉን አንሥቶ ጥቂት አሰበና ከድቶ ተመለሰ። ስፒሪዶን ግን ብርዱ ወደ ወለደው ጉም ገቡ፤ ትንፋሻቸው ገና ከአፋቸው ሳይርቅ በረዶ እየሆነ በጆሯቸው ሽው ይል ነበር፤ ሽፋሽፍታቸው ተጣበቀ፤ ጢማቸው ነጭ ደረት ልብስ ሆነ። አይታሊናም ፈታኝ ናትና የሚኒባሷን በር ገርበብ አድርጋ ሙቀቱን ትለቅባቸው ነበር፤ አኩሊናም በመስኮት አንገቷን አውጥታ ኤሊ ቀደመህ ትላቸው ነበር።

እውነት ለመናገር፣ ታሪክ ጸሐፊ ቢዋሽ ኋላ መጠየቁ አይቀርምና፣ ሐይቁ ዳር ሲደርሱ የስፒሪዶን ጉልበት አለቀ። ቆሙ፤ ወደ ሚኒባሷ ዞሩ፤ እጃቸውን በበሩ ላይ አኖሩ፤ ቀኝ እግራቸውንም አነሡ። በዚያች ቅጽበት ቫዲም፣ በደቡብ ባሕር ዳር ያደገ፣ ከተማም ውስጥ መኪናውን ሞቃት ጋራዥ የሚያሳድር፣ አማቱን በክብር ደግፎ ሊያስገባ ብሎ ቁልፉን አዞረና ወረደ። ሞተሩም ዝም አለ።

አኩሊና ይህን አወጀች፦ «አንተ ልጅ፣ እዚህ አገር ሞተር የሚጠፋው ብርዱ ሲያልቅ፣ በሰኔ ነው።»

ቁልፉን ቢያዞሩት ቢመልሱት ሚኒባሷ አንድ ጊዜ አቃሰተችና ተወች። ስልኮቹም በብርዱ ሞቱ። ስፒሪዶን ያነሡትን እግር መሬት አሳረፉ፤ ወደ መጡበትም አቅጣጫ ፊታቸውን አዞሩና የመጨረሻውን አዋጅ አስነገሩ፦

«ተከተሉኝ። በአፍንጫ ተንፍሱ። ቀስ፣ ያላበው በብርድ ደርቆ ይቀራል። የሚቀመጥ እንዳይኖር።»

ሮጡም። አኩሊና ከሁለቱ ካፖርት ጋር እንደ በርሜል እየተንከባለለች፣ ቫዲም ይቅርታ እየለመነ፣ አይታሊና የከተማ ጫማዋ እንደ መስታወት እየተንሸራተተባት የአባቷን መታጠቂያ ከኋላ ጨብጣ። በመንገዱ መካከል ባለ ጉብታ ላይ ስፒሪዶን ዳግመኛ ሊያርፉ ፈለጉ፤ ነገር ግን የሚቀመጡበት አልነበረም። ዞር ሲሉም በልጃቸው ጉንጭ ላይ ነጭ ነጥብ አዩ፤ ያን ጊዜ ጓንታቸውን በጥርሳቸው አውልቀው፣ በባዶ መዳፋቸው ጉንጯን ሸፍነው፣ ደም እስኪመለስበት ድረስ ከጎኗ ሮጡ።

በማሞቂያ ጣቢያው በር አራቱም እንደ ጆንያ ወደቁ። ሻይም ከቀረበ በኋላ አኩሊና፣ እውነትን ስለምትወድ፣ ሽማግሌው እግሩን ሲያነሣ በዓይኗ እንዳየች መሰከረች። ስፒሪዶንም እግራቸው አየር ላይ እንደ ነበረች፣ አየርም መኪና እንዳልሆነ ተከራከሩ። ሁሉም ወደ አይታሊና ተመለከተ። እሷም ጉንጯን እየዳሰሰች ፈረደች፦

«እኔ እግሩን አላየሁም። ያየሁት ጀርባውን ነው። ከፊቴ እየሮጠ ነበር። እዚሁ ይኑር።»

ቀጥላም ጧት ጧት እንደምትደውል፣ ስልኩን ካላነሣም ያንኑ ዕለት እንደምትመጣ አስጠነቀቀች።

እነሆ ኃያሉ ስፒሪዶን ጉልበታቸው አልታጠፍ ብሎ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ በረዶውን በኮቴያቸው እየጫሩ ለሚግጡት ፈረሶቻቸው በመስኮት ይፎክራሉ። ከብርድ የሸሹ ብዙ ጀግኖች አሉ፤ ልጃቸውን፣ አማቻቸውንና ጎረቤታቸውን አስከትለው ወደ ገዛ ቤታቸው የሸሹ ግን እሳቸው ብቻ ናቸው። ስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ጉልበት ሲያልቅ ሞተር ለሚያጠፋ።