ወፍ የሚያየው ሹም

ቀኑን ሙሉ ወፍ ሲያይ የሚውል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? በጣልያን ጊዜ ከሮብ ገበያ በታች ካለው ረግረግ ዳር አንድ የጣልያን ሹም መነጽሩን ደግኖ ይውል ነበር። አይተኩስ፣ አይበላ፤ ምን የሚሉት ጠባይ ነው? አርበኛው ልጄ እዚያው ሸምበቆ ውስጥ ተደብቋል፤ እኔ ቄጠማ የማጭድ መስዬ እጠብቃለሁ።

አንዲት ይብራ የሚሏት የውሃ ወፍ ልጄ ዘንድ አረፈች፤ መነጽሩም ተከተላት። ወንጭፌን ከመቀነቴ መዝዤ ድንጋይ ለቀቅሁ፤ ወፉ ሁሉ ተነሣ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ምን ነካሽ?» አለ ከሹሙ ጋር የነበረው አስተርጓሚ።

«ገብሴን እንዳይጨርሱብኝ ነው፣ ጌታዬ።»

«የታል ገብሱ?»

«ይዘራል።»

ለሹሙ እብድ ናት ብሎት ሄዱ። ልጄ ግንባሩን ይዞ ወጣ።

«እማዬ፣ ከጣልያን ጥይት ተርፌ በአንቺ ድንጋይ ልሙት?» ብሎ ሳቀ።

እኔ አልሳቅሁም። ወፎቹ ተመልሰው እያረፉ ነበር፤ ወፍ ካለ ደግሞ ሹሙ አይቀርም።