ወይዘሮ ዕንቁን ለመጠየቅ የተደረገ ስብሰባ

በፍራንክፈርት የቤተ እስራኤል ማኅበር የሕመምተኛ ጠያቂ ኮሚቴ እሑድ መስከረም 25 ቀን 2018 ዓ.ም. ከቀኑ 9 ሰዓት ቦርንሃይም ሰፈር፣ በአቶ ወንድዬ ሳሎን ተሰበሰበ።

የተገኙ፦ አቶ ጉልላት (ሰብሳቢ)፣ አቶ ወንድዬ፣ አቶ አቤ፣ ወ/ሪት ሔለን፣ ሰናይ (ጸሐፊ)። ከሰባቱ አባላት ለምልዓተ ጉባኤ የሚያስፈልጉት አምስቱ ስለተገኙ ለጥቂት ሞልቷል።

አጀንዳ 1፦ ዳሌያቸው ተሰብሮ ሆስፒታል ስለተኙት ወ/ሮ ዕንቁ

ነገ ቀዶ ሕክምና አለባቸው። ሐኪሙ ዛሬ 11 ሰዓት መጥቶ ያስረዳቸዋል። ወ/ሮ ዕንቁ ጀርመንኛ ስለማያውቁ “ሳይገባኝ አልፈርምም” ብለዋል። ካልፈረሙ ሕክምናው እንደሚቀር ተገልጿል።

ሰብሳቢው ማን ሄዶ እንደሚያስተረጉምላቸው ጠየቁ። አቶ ወንድዬ ለነገ ማታው የዳስ በዓል ዳስ እየሠሩ መሆናቸውን፣ አንድ የኦሪት ትእዛዝ በመፈጸም ላይ ያለ ሰው ደግሞ በሕጋችን ከሌላው ትእዛዝ ነፃ መሆኑን አስረዱ። ወ/ሪት ሔለን፣ ጋሼ ወንድዬ ሶፋ ላይ መቀመጣቸውን አመለከቱ። አቶ ወንድዬ በሐሳባቸው እየሠሩ እንደሆነ መለሱ።

አቶ አቤ ነጥቡን አሰፉት። ስለ ሕመምተኛ መሰብሰብ ራሱ ትእዛዝ መፈጸም ስለሆነ፣ እዚህ የተቀመጠ ሁሉ ሕመምተኛ ከመጠየቅ ነፃ ነው አሉ። ሰብሳቢው “መማር ማለት ይሄ ነው!” ሲሉ አመሰገኗቸው።

ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ስብሰባው እስኪያልቅ አባላቱ ነፃ እንዲሆኑ፣ ስብሰባውም እንዳይቸኩል በአራት ድምፅ ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ የወ/ሪት ሔለን ጥያቄ

ወ/ሪት ሔለን “እኔ ልሂድ” አሉ። ሰብሳቢው አንድ ሰው ከወጣ ምልዓተ ጉባኤው እንደሚፈርስ፣ የአራት ሰው ጽድቅም እንደሚበላሽ አሳሰቡ። “ጋሼ ጉልላት፣ እማማ ዕንቁ ብቻቸውን ናቸው እኮ!” የሚል ተቃውሞ ቀረበ። አቶ ወንድዬ “ቁጭ በይ አንቺ! እኛንስ ጥለሽን ልትሄጂ ነው?” ሲሉ ጠየቁ። እንዳይሄዱ ተወሰነ። ወ/ሪት ሔለን ጃኬታቸውን ለብሰው ወጡ። አቶ ወንድዬ የበሩ አዘጋግ እንዲመዘገብላቸው አመለከቱ፤ ተመዝግቧል።

አጀንዳ 3፦ ስለ ምልዓተ ጉባኤው መፍረስ

አቶ አቤ፣ ስብሰባው ከፈረሰ ነፃነቱም አብሮ መቅረቱን ጠቅሰው “እንግዲህ እንሂድ ወይ?” አሉ። ጥያቄው ለውይይት ክፍት እንደሆነ ስልክ ተደወለ።

ወ/ሪት ሔለን ሐኪሙ አስረድቶ ወ/ሮ ዕንቁ መፈረማቸውን አስታወቁ። የስልኩ ድምፅ ለሁሉም ይሰማ ስለነበር፣ ወ/ሮ ዕንቁ “ሌሎቹስ የት ቀሩ?” ሲሉ፣ ወ/ሪት ሔለንም “ስለ እርስዎ ስብሰባ ላይ ናቸው” ሲሉ ተሰምቷል። ወ/ሮ ዕንቁም “ውይ፣ ልጆቼን! እነሱ ሲታመሙስ ማን ይሰበሰብላቸው ይሆን?” ብለዋል።

ምልዓተ ጉባኤው ስለፈረሰ የዛሬው ውሳኔ ሁሉ እንደተሻረ ተቆጠረ። የቀሩት አራት አባላት የወ/ሮ ዕንቁ አስተያየት ከቃለ ጉባኤው እንዲወጣ በሙሉ ድምፅ ወሰኑ። ያለ ምልዓተ ጉባኤ የተወሰነ ስለማይጸና አስተያየቱ እንዳለ ተጽፏል።

11፡40 ላይ ተበተነ።