ክብርት አንደኛ መስመር እና የግድግዳው ዝርዝር

ኮምፒውተር ባለበት መሥሪያ ቤት ሁሉ፣ እርዳታ ሲጠየቁ መጀመሪያ የሚፈትኑ፣ ቀጥለው የሚያዝኑብን፣ በመጨረሻ የሚረዱ አንዲት ሴትዮ አይጠፉም። የእኛዋ ከጎኔ ነው የሚቀመጡት።

ሥራችን የላቦራቶሪ ማሽኖች የሚያወጡትን ውጤት አንብቦ በየታካሚው መዝገብ የሚያስገባ ፕሮግራም መሥራት ነው። ፓርሰር ጄኔሬተር በሚባል መሣሪያ እንጠቀማለን፤ ውጤቱ እንዴት እንደሚነበብ ሕጎቹን በአንድ ፋይል ጽፈን እንሰጠዋለን፣ አንባቢውን ፕሮግራም ራሱ ይጽፍልናል። ሲያኮርፍ ግን አያድርስ ነው።

ክብርትነታቸው ስክሪን አያዩም። ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ብርቱካን እየላጡ፣ «የመጀመሪያዋን መስመር አንብብልኝ» ይላሉ።

«ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ስሕተት ነው የሚለው...»

«ስንት ነው አልኩህ? የመጀመሪያዋን!»

አነባለሁ። ዘጠነኛው መስመር ላይ የሕጉን መዝጊያ ምልክት ረስቻለሁ። ስጨምራት ሁለት መቶ አሥራ ሁለቱም ድራሻቸው ይጠፋል። «ክብርት አንደኛ መስመር» የሚለው ቅጽል ስማቸው የወጣው ከዚህ ነው፤ በሱ የምንጠራቸው ግን እሳቸው በሌሉበት ብቻ ነው።

አንድ ቀን ደግሞ ፕሮግራሙ ድርቅ ብሎ ቀረ።

«ይሄ ሕግህ መጀመሪያ ማንን ይጠራል?»

«ራሱን።»

«እሱስ?»

«ያው ራሱን።»

«እኔ ምሳ ልበላ ነው፤ ተጣርቶ ሲጨርስ ንገረኝ» ብለው ወጡ።

ከሁሉ የሚጠሉት መሣሪያው የጻፈውን ፋይል በእጅ የሚነካ ሰው ነው። ሕጉ ተቀይሮ መሣሪያው እንደገና ሲነሳ ፋይሉን ከነእርማቱ ደምስሶ እንደ አዲስ ይጽፈዋላ! ለዚህ ኃጢአት ከፕሪንተሩ በላይ ዝርዝር ለጥፈዋል፦ ስም፣ ቀን፣ ምክንያት። የኔ ስም ሦስት ጊዜ ሰፍሯል። ምክንያት፦ «ቸኩዬ»፣ «ቸኩዬ»፣ «እኔ እንጃ»።

ባለፈው ወር እናቴ ኦፕራሲዮን ልትሆን ስለነበር አራት ቀን ቀረሁ። ለአንድ ሆስፒታል አዲስ ማሽን የምሠራው ሥራ ሐሙስ መድረስ ነበረበት፤ አለቃችንም ካልደረሰ ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ ብሎኛል። ሰኞ ስመለስ ሥራው ደርሶ፣ ሆስፒታሉም አመስግኖ ጠበቀኝ። ማን እንደጨረሰው ለመጠየቅ እንኳ ድፍረት አጣሁ። አንዲት ትንሽ ሕግ አስተካክዬ፣ መሣሪያውን አስነስቼ ፕሮግራሙን ለሆስፒታሉ ላክሁ።

ግማሽ ሰዓት አልቆየም፣ የሆስፒታሉ የላቦራቶሪ ኃላፊ ደወለች። «የአዲሱ ማሽን ውጤት በሙሉ ባዶ ነው የሚመጣው! ሐኪሞቹ እየጠበቁ ነው፤ ሠራተኞቼ በእጅ ሊገለብጡ ነው።»

ወደ ጎኔ ዞርኩ፤ ሳልጠየቅ የመጀመሪያዋን መስመር አነበብኩ። «እንዲህ የሚባል ማሽን አላውቅም ይላል።»

ብርቱካኑ እጃቸው ላይ ቀረ። ወንበራቸውን ቀስ ብለው ወደ ስክሪኑ አዞሩ።

«ሕጉ ውስጥ የለማ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ሐሙስ ሠርቶ የለ እንዴ?»

«ሠርቷል። በእጄ ነው ያስገባሁት፤ እዚያው መሣሪያው የጻፈው ፋይል ላይ። ያንተን ያላለቀ ሕግ እንዳላበላሽ ፈራሁ፣ ሰዓቱም ደርሶ ነበር። ስትመለስ እነግርሃለሁ ብዬ... የእናትህን ጤና ስጠይቅህ ረሳሁት።»

ኪቦርዱን ሳብ አድርገው ሕጉን በቦታው ጻፉት። ሃያ ደቂቃ አልፈጀም፤ ኃላፊዋ መልሳ ደውላ ውጤቱ መምጣት መጀመሩን ነገረችን።

እሳቸው ተሳስተው የማገኝበትን ቀን ሦስት ዓመት ጠብቄያለሁ። አሳሳቄንም አዘጋጅቼ ነበር። ሲደርስ ግን ሳቁ አልመጣልኝም።

ከሰዓት በኋላ ወረቀት ለማተም ተነሳሁ። ዝርዝሩ ላይ፣ ከሦስቱ ኃጢአቶቼ ሥር፣ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ አራተኛ ተጨምሯል። ስም፦ «አንደኛ መስመር»። ለካ ያውቁታል! ቀን፦ ሐሙስ። ምክንያት፦ «ከጎኔ ያለው ልጅ እናቱን ሊያስታምም ሄዶ ስለነበር።»